የቆየን የንግድ ኮምፒውተር በተርሚናል ኢሙሌተር መክፈት፦ ከኬብሉ እስከ ሒሳብ መዝገቡ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ የኖረ ኮምፒውተር እጁ ገብቶ፣ በውስጡ ያለውን የሒሳብ፣ የደመወዝ ወይም የንብረት መዝገብ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለንግድ ሥራ ይሸጡ ከነበሩት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚሰጡ አልነበሩም፤ ማሽኑ በአንድ ክፍል ይቀመጥና ሒሳብ ሹሙም፣ ጸሐፊዋም፣ የግምጃ ቤት ኃላፊውም ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ባለው ተርሚናል አማካይነት በኬብል ይገለገሉበት ነበር። ዛሬ ዋናው ማሽን ቢገኝ እንኳ ተርሚናሉ ወይ ተሰብሯል ወይ ተጥሏል፤ ስለዚህ አንድ ላፕቶፕ የተርሚናሉን ቦታ እንዲይዝ የሚያደርግ ፕሮግራም፣ ማለትም ተርሚናል ኢሙሌተር፣ ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መያዝ ይገባል፤ ስክሪኑ ዝም ሲል ወይም የማይነበብ ነገር ሲያሳይ ብዙዎች «ማሽኑ ሞቷል» ብለው ይደመድማሉ፤ ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለ ስምምነት ነው። ስምምነቱም በንብርብር የተሠራ ነው፦ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ፣ ከዚያ ፓሪቲው (ስሕተት ለመለየት ከእያንዳንዱ ፊደል ጋር የሚላክ ተጨማሪ ቢት)፣ ከዚያ የተርሚናሉ ዓይነት፣ በመጨረሻም ቁልፎቹ። የታችኛው ሳይረጋገጥ የላይኛውን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ መቀየርም የትኛው እንደሠራ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ከማብራት በፊት

የማሽኑን ጀርባ አይተው ምን ዓይነት መሰኪያ እንዳለው ይለዩ። ባለ 25 ወይም ባለ 9 ፒን መሰኪያ ካለው በብዛት አርኤስ-232 በተባለው ደረጃ የሚሠራ ነው፤ ይህ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1960 ወጥቶ፣ ለረጅም ዘመን የተሠራበት «ሲ» የተባለው እትሙ በ1969 የታተመ ነው። ማሽኑ የአይቢኤም ሲስተም/36 ወይም ኤኤስ/400 ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እነዚህ 5250 የተባሉ ተርሚናሎችን ትዊናክስ በተባለ ኬብል የሚያገናኙ ስለሆኑ ተራ የሲሪያል (ቢቶችን አንድ በአንድ የሚያስተላልፍ) ኬብል አይረዳቸውም። ኤኤስ/400ው የኔትወርክ ካርድ ካለው ቲኤን5250 በተባለው ፕሮግራም በኔትወርክ መግባት ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመለከተው የሲሪያል ማሽኖችን፣ በተለይም ዩኒክስ ወይም ዜኒክስ የተባለ ስርዓተ ክወና የተጫነባቸውን ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ሊኖረው ይችላል። ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ቢሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል፤ ስለዚህ ስፒናው ከመሰካቱ በፊት ይህ ይታይ። ላፕቶፑና ማሽኑም ከአንድ ዲቫይደር ኃይል ይውሰዱ፤ በተለያየ ግድግዳ ላይ ባሉ፣ የመሬት መስመራቸው በማይታመን ሶኬቶች መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት በሲሪያል ኬብሉ በኩል መንገድ ካገኘ ፖርቱን ያበላሻል።

የሰሜን ሸዋ አየር በዚህ ሥራ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። የቆዩ ሃርድ ዲስኮች የማንበቢያ ራስ ከሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የማንበቢያው ራስ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ለዚህም ነው አምራቾች ለብዙ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ወሰን አድርገው 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,048 ሜትር ያስቀመጡት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከወሰኑ በታች ናት፤ ወደ ጣርማበር ወይም ወደ መንዝ መሐል ሜዳ ሲወጡ ግን ወሰኑ ላይ ወይም ከወሰኑ በላይ ነዎት። መሐል ሜዳ የተገኘን ማሽን እዚያው ከማስነሳት ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ቆላማዋ ሸዋ ሮቢት አውርዶ መሥራት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ቅዝቃዜውም ቢሆን አይናቅ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከቀዘቀዘ መጋዘን የወጣ ማሽን ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ በብረቱና በቦርዱ ላይ ጤዛ ይይዛል። አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይሰካ በክፍሉ ሙቀት ይደር፤ ይህም በቅዝቃዜ የጠጠረው የዲስክ ቅባት እንዲላላ ይረዳል።

በበጋው ደረቅ አየር በርኖስ ወይም የሱፍ ሹራብ ለብሶ ቦርድ መንካት ደግሞ የማይገባ ነው። ሱፍ የሚያከማቸው ኤሌክትሪክ ለሰው ትንሽ ንዝረት ሲሆን፣ የሲሪያል ፖርቱን ለሚያንቀሳቅሱት 1488 እና 1489 የተባሉ ቺፖች ግን ሞት ሊሆን ይችላል። ደግነቱ እነዚህ ቺፖች ርካሽ ናቸው፤ በአንዳንድ ቦርድ ላይም በሶኬት ስለሚቀመጡ ያለ ብየዳ ይቀየራሉ።

ማሽኑ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነ ከንብረት ክፍሉ በሞዴል 22 ይውጣ፤ የደመወዝ መዝገብ የሰው ምስጢር ስለሆነም መረጃውን ለማየት የኃላፊው የጽሑፍ ፈቃድ ይያዝ።

ኬብሉን በቴስተር መለየት

አብዛኞቹ ላፕቶፖች ዛሬ የሲሪያል ፖርት ስለሌላቸው ከዩኤስቢ ወደ አርኤስ-232 የሚቀይር አስማሚ ያስፈልጋል። መርካቶ ሲገዙ የሚጠነቀቁት አንድ ነገር አለ፦ ለአርዱዊኖና ለመሰል ሥራ የሚሸጠው፣ በ0 እና በ5 ቮልት መካከል ብቻ የሚሠራው አስማሚ ስሙ «ዩኤስቢ ሲሪያል» ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም። የአርኤስ-232 መስመር ከዜሮ በላይም በታችም የሚሄድ፣ እስከ 12 ቮልትና ከዚያም በላይ የሚደርስ ስለሆነ ያንን አስማሚ ያቃጥለዋል። ባለ 9 ፒን መሰኪያ ያለው የተሟላ አስማሚ ይግዙ።

አስማሚው መሥራቱን ለማረጋገጥ ከማሽኑ ጋር ሳያገናኙ 2ኛና 3ኛ ፒኑን በትንሽ ሽቦ ያገናኙና በኢሙሌተሩ ላይ ይጻፉ። የጻፉት በስክሪኑ ላይ ከታየ፣ ሽቦው ሲነሳም መታየቱ ከቆመ፣ አስማሚውም ድራይቨሩም ደኅና ናቸው። በሊኑክስ ላይ አስማሚው ታውቆ «ፈቃድ የለም» የሚል መልስ ከመጣ፣ የተጠቃሚው ስም ዲያልአውት በተባለው ቡድን ውስጥ መግባት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከሣጥን ውስጥ የተገኘ ኬብል ቀጥተኛ ይሁን ተሻጋሪ (መላኪያውንና መቀበያውን የሚያቀያይር) በዓይን አይለይም፤ የፒን ቁጥሮችም ያሳስታሉ። በደረጃው መሠረት ተርሚናልና ላፕቶፕ የሚመደቡበት ወገን ባለ 25 ፒን ሲሆን በ2ኛው ይልካል፣ በ3ኛው ይቀበላል፤ ባለ 9 ፒን ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው በ3ኛው ይልካል፣ በ2ኛው ይቀበላል። ዋናው ማሽን በየትኛው ወገን እንደተሠራ የሚያውቀው አምራቹ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥር ከመሸምደድ ይልቅ ቮልቴጅ መለካት ይሻላል፦ ማሽኑ በርቶ፣ ምንም ሳይሰካበት፣ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በመሬት ፒኑ ላይ (በባለ 25ቱ 7ኛው፣ በባለ 9ኙ 5ኛው) ያድርጉና በቀዩ ጫፍ 2ኛውንና 3ኛውን በየተራ ይንኩ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ የመላኪያ መስመር ዘወትር ኔጌቲቭ ነው፤ ከኔጌቲቭ 5 እስከ ኔጌቲቭ 12 ቮልት ያሳየው ፒን የሚልከው እርሱ ነው፣ ዜሮ አካባቢ የሆነው ደግሞ የሚቀበለው። በአስማሚውም ላይ ይህንኑ ይድገሙና የአንዱን መላኪያ ከሌላው መቀበያ፣ መሬትን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ኬብል ይሥሩ። በማሽኑ ሁለቱም ፒኖች ላይ ኔጌቲቭ ቮልት ጭራሽ ካልተገኘ ችግሩ ኬብል ሳይሆን የፖርቱ ቺፕ ነው።

ሦስቱ ሽቦዎች ብቻ ተገናኝተው ማሽኑ አሁንም ዝም ካለ፣ ምናልባት «ተርሚናሉ በርቷል» የሚል ምልክት እየጠበቀ ይሆናል። በማሽኑ በኩል ባለው ባለ 25 ፒን መሰኪያ ላይ 4ኛውን ከ5ኛው፣ እንዲሁም 6ኛውን፣ 8ኛውንና 20ኛውን አንድ ላይ ማገናኘት ማሽኑ የራሱን ምልክት መልሶ እንዲያይ ያደርገዋል። ብልሃቱ ማታለል ይመስላል፤ ሆኖም በዘመኑ ቴክኒሻኖች ሁሉ የሚሠሩበት ነበር። የኬብሉ ርዝመት ከ15 ሜትር አይለፍ፤ በክረምት ነጎድጓድ ጊዜም ሳይነቀል አይደር።

ፍጥነትና ፓሪቲ

ከኢሙሌተሮች መካከል በዊንዶውስ ላይ ፑቲና ቴራ ተርም፣ በሊኑክስ ላይ ሚኒኮም በነጻ ይገኛሉ። ማንኛውም ቢሆን ይሠራል፤ ሲሪያልን፣ ሎግ መያዝን፣ ማተምንና የቁልፍ ምርጫዎችን በአንድ ቦታ ስለያዘ ለጀማሪ ፑቲን እመርጣለሁ፤ ፋይል ለመቀበል ግን ኤክስሞደምና ከርሚት የተባሉት የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮሎች አብረውት ያሉት ቴራ ተርም ይሻላል።

በ9600 ፍጥነት፣ በ8 ዳታ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ በ1 ማቆሚያ ቢት ይጀምሩ፤ ፍሰት መቆጣጠሪያውን «ኤክስኦን/ኤክስኦፍ» (መላኩን በምልክት የሚያስቆመውና የሚያስቀጥለው) ላይ ያድርጉ። ኢንተርን ጥቂት ጊዜ ይጫኑ። የመግቢያ ጥያቄው ካልመጣ 19200፣ 4800፣ 2400 እና 1200ን በየተራ ይሞክሩ። በብዙ ዩኒክስ ማሽኖች ላይ ከኢሙሌተሩ ዝርዝር ውስጥ «ብሬክ» የሚለውን ምልክት መላክ ማሽኑ ራሱ ወደሚቀጥለው ፍጥነት እንዲዞር ያደርገዋል።

በስክሪኑ ላይ የሚታየው ብልሽት ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። አንድም ፊደል ካልተነበበ ፍጥነቱ ልክ አይደለም። ከፊደላቱ ግማሽ ያህሉ ትክክል ሆነው የቀሩት እንግዳ ምልክት ከሆኑ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ የሚለያየው ፓሪቲው ነው። ማሽኑ በ7 ቢትና በኢቭን ፓሪቲ ሲልክ የላቲኑ «ኤ» (ቁጥሩ 65) በውስጡ ሁለት የበሩ ቢቶች ስላሉት ሳይለወጥ ያልፋል፤ «ሲ» (ቁጥሩ 67) ግን ሦስት ስላሉት 8ኛው ቢት ይበራና ሌላ ምልክት ሆኖ ይታያል። ይህ ሲያጋጥም ኢሙሌተሩን ወደ 7 ቢትና ኢቭን ፓሪቲ መቀየር ይበቃል። የሚጽፉት ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ከታየ ኢሙሌተሩ የጻፉትን ራሱ እየደገመ ነውና «ሎካል ኤኮ» ይጥፋ። መስመሮች እንደ ደረጃ ወደ ቀኝ እየተንሸራተቱ ከወረዱ ደግሞ ማሽኑ ወደ መስመር መጀመሪያ የሚመልሰውን ምልክት እየላከ አይደለም፤ ይህ በኢሙሌተሩ ምርጫ ይስተካከላል።

የመግቢያ ስም ሲጽፉ «ካፕስ ሎክ» አለመብራቱን ይመልከቱ። የቆየ ዩኒክስ ስሙ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ከተጻፈለት፣ ተርሚናሉ ትንንሽ ፊደል የማያውቅ አሮጌ የጽሕፈት መሣሪያ ነው ብሎ ሁሉንም ነገር በትልልቅ ፊደል መመለስ ይጀምራል። ያን ጊዜ የይለፍ ቃሉ ላይገጥም ይችላል፤ ወጥቶ እንደገና መግባት ብቻ ነው።

የተርሚናሉ ዓይነት

መግቢያው ተነቦ የሒሳቡ ፕሮግራም ሲከፈት ስክሪኑ ከተበታተነ፣ ማሽኑ የሚያናግረው ሌላ ዓይነት ተርሚናል ነው ማለት ነው። ዴክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ቪቲ100 ከጊዜ በኋላ ለብዙ ኢሙሌተሮች መሠረት ሆኗል፤ በንግድ ቤቶች ግን ዋጋቸው ስለሚቀንስ እንደ ዋይዝ 50 እና ዋይዝ 60 ያሉ ተርሚናሎች በብዛት ይሠራባቸው ነበር። የሁለቱ ወገን ትእዛዞች አይገናኙም። ዋይዝ «ጠቋሚውን ወደዚህ ቦታ ውሰድ» ለማለት የኤስኬፕ ምልክት፣ የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዚያም አንዱ ለረድፍ አንዱ ለአምድ የቆሙ ሁለት ምልክቶች ይጠብቃል። ቪቲ100 ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን «በቀኝ ያሉት የቁጥር ቁልፎች ባሕርያቸውን ይለውጡ» ብሎ ይተረጉማቸዋል፣ የቀሩትን ሁለት ደግሞ በስክሪኑ ላይ ይጽፋቸዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በፊት ሁለት ትርጉም የለሽ ምልክቶች ከታዩ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ከተከታተለ፣ የቁጥር ቁልፎቹም በድንገት ካመፁ፣ ማሽኑ የዋይዝ ወይም የእርሱ ቢጤ ቋንቋ እየተናገረ መሆኑን ይወቁ።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው «የተገናኘኸው ከቪቲ100 ጋር ነው» ብሎ ለማሽኑ መንገር ነው፤ ይህም በዩኒክስና በዜኒክስ «ተርም» የተባለውን ተለዋዋጭ በመቀየር ይፈጸማል፤ ለውጡም ለዚያ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ምንም አያበላሽም። ሁለተኛው የሒሳቡ ፕሮግራም የተርሚናሉን ዓይነት በራሱ ማዋቀሪያ ውስጥ ሲይዝ ነው፤ ያን ጊዜ ማሽኑን ከመነካካት ዋይዝን የሚያስመስል ሌላ ኢሙሌተር መፈለግ ይሻላል፣ ፑቲ ይህን አያደርግምና።

የሠንጠረዥ መስመሮች በአጉል የላቲን ፊደላት ተተክተው ከታዩ የፊደል ሰሌዳውን ወደ «ሲፒ437» ይቀይሩ፤ ይህ የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ሰሌዳ ነው።

ስለ ቁልፎች ብዙ ማለት አያስፈልግም። የማጥፊያ ቁልፉ ካላጠፋ ፑቲ የሚልከውን ከ127 ወደ ኮንትሮል ኤች (8) ይቀይሩ። ስክሪኑ በድንገት ከደረቀ ኮንትሮል ኪውን ይጫኑ፤ ኮንትሮል ኤስን ሳያውቁ ነክተው ፍሰቱን አቁመው ይሆናል። ፕሮግራሙ የዋይዝን «ኤፍ1» ከጠየቀ፣ ኮንትሮል «ኤ»ን (የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል)፣ ከዚያ በኢሜይል አድራሻ ውስጥ የሚገባውን @ ምልክት፣ ከዚያ ኢንተርን በተከታታይ በፍጥነት መጫን ያንኑ ቁልፍ ይተካል። ከኤፍ2 ጀምሮ በዚያ ምልክት ቦታ ትልልቆቹ የላቲን ፊደላት ከ«ኤ» ጀምረው በተራ ይገባሉ።

መረጃውን ማውጣት

ከመግባትዎ በፊት የኢሙሌተሩን ሎግ ይክፈቱ፤ ከዚያ በኋላ በስክሪኑ ያለፈ ሁሉ በላፕቶፑ ላይ እንደ ጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። ብዙ ሰው ወዲያው የመረጃ ፋይሎቹን ራሳቸውን መቅዳት ይፈልጋል፤ እኔ ግን ሪፖርቶቹን አስቀድማለሁ። በዘመኑ የንግድ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ኮቦል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ ቁጥሮችንም ሁለት ሁለት አሃዝ በአንድ ባይት አሽገው ስለሚያስቀምጡ፣ ፋይሉ ተቀድቶ ቢወጣም ፕሮግራሙ ከሌለ በቀላሉ አይነበብም። በፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ያለውን የወር ሚዛን፣ የግምጃ ቤት ቆጠራና የደመወዝ ዝርዝር ሪፖርት ወደ ስክሪን ወይም «ከተርሚናሉ ጋር ወደተያያዘ ፕሪንተር» እንዲወጣ ማዘዝ ግን የተነበበ፣ የተደመረና አምድ በአምድ የተስተካከለ ጽሑፍ ይሰጣል።

ጊዜው ይታሰብ። በ9600 ፍጥነት በሰከንድ 960 ፊደል ያልፋል፤ 80 በ24 የሆነ ሙሉ ስክሪን 1,920 ፊደል ስለሆነ ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። አንድ ሜጋባይት ወደ 18 ደቂቃ፣ 20 ሜጋባይት ደግሞ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ላፕቶፑ እንዳይተኛ ይደረግ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ማሽኑ ያለ ዩፒኤስ አይሠራበት።

ከሪፖርቶቹ በኋላ ፋይሎቹን ለመቅዳት በማሽኑ ላይ ከርሚት ካለ እርሱን ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1981 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ይህ ፕሮቶኮል ችግር የሚፈጥሩ መቆጣጠሪያ ምልክቶችን በተራ ፊደላት ስለሚተካ በ7 ቢት መስመርም ሆነ ኤክስኦን/ኤክስኦፍ በበራበት ያልፋል። ኤክስሞደም ግን 8 ቢት ይፈልጋል፣ የሶፍትዌር ፍሰት መቆጣጠሪያም መጥፋት አለበት፤ የመጨረሻውን 128 ባይት እሽግ በማሟያ ስለሚሞላም ፋይሉ ከዋናው ጥቂት ባይት ሊረዝም ይችላል። እየቀዱ ሳለ በማሽኑ ላይ ምንም አይሰርዙ፣ ምንም አያደራጁ። ሲጨርሱም ማሽኑ በማጥፊያ ትእዛዝ ይዘጋ እንጂ በማብሪያው አይጥፋ፤ ኃይል መቁረጥ እንደሚቻል የሚገልጸው መልእክት እስኪመጣ ይጠብቁ።

የወጣውን መዝገብ ማንበብ

እነዚህ ማሽኖች በተሠሩበት ዘመን ለግዕዝ ፊደል የጋራ ኮድ አልነበረም፤ ፊደሉ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ስሞች በላቲን ፊደል ተጽፈው የሚገኙት ለዚህ ነው፤ «ጸሐይ» እና «ቀለሟ» ጸሐፊው እንደመሰለው በሁለት ሦስት ዓይነት ሊጻፉ ይችላሉ። አንድን ሰው ሲፈልጉ በስም ሳይሆን በመታወቂያ ወይም በደመወዝ መዝገብ ቁጥሩ ይፈልጉት።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ዓመቱ በሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚጻፍ 12/10/85 የሚለው ሰኔ 12 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1985 ወይም ዲሴምበር 10 ቀን 1985 ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ከሌሎቹ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ይርቃል። ለመለየት ሎጉ ውስጥ ቀን 31 መኖሩን ይፈልጉ፤ ካለ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ ወር ከ30 አያልፍምና። ወር ሆኖ የቆመ 13 ከተገኘ ደግሞ ጳጉሜን ነው፣ አቆጣጠሩም የእኛ። ሁለቱም ከሌሉ ጸሐፊዎቹ የእኛን ቀን እያስገቡ፣ ፕሮግራሙ 13ኛ ወር ስለማይቀበል የጳጉሜን ሥራ ነሐሴ 30 ላይ ቆልለውት ሊሆን ስለሚችል፣ በየዓመቱ በዚያ ቀን ያለውን የመዝገብ ብዛት ይመልከቱ። ጥርጣሬው ካልተፈታ አንድ የወረቀት ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ከመዝገብ ቤት አስወጥተው በእርሱ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር በሎጉ ውስጥ ይፈልጉና ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ያስተያዩ።